ከግድግዳው ማዶ ለነበረችው እህቴ

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የሥራ ባልደረቦቿ፣ እናንተም ቤታችሁ ድረስ እየመጣች ቁስላችሁን ያጠበችላችሁ፣ መርፌያችሁን የወጋችላችሁ ሁሉ፤ ልትሸኟት ስለ መጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ቆሜ ብዙ መናገር አልችልም፤ ዳሌዬን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልናገር።

እኔ የባሏ እህት ነኝ። አዎ፣ የዚያ ባሏ።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ዛሬ መስማታችሁ ነው። ልጆቿ "አንቺ ተናገሪ" ሲሉኝ "ሌላ ሰው ፈልጉ" ብያቸው ነበር። ትልቋ ግን፣ ቁርጥ እናቷን ናት፣ "አክስቴ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበርሽው አንቺ ነሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ነበርኩ።

ስድስት ዓመት አንድ ግድግዳ ለይቶን ኖረናል። በዚያኛው ክፍል እነሱ፣ በዚህኛው እኔ። ወንድሜ ሲጮህ እሰማ ነበር። ወንበር ሲገለበጥ እሰማ ነበር። እሷ ለቅሶዋን አፍና ስትይዝ፣ እሱን እንኳ እሰማ ነበር። ታዲያ ምን አደረግኩ? ተነሳሁ? በራቸውን አንኳኳሁ? ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩ። ጠዋት ዓይኗ አብጦ ሳገኛት "ጉንፋን ይዞሽ ነው?" እላታለሁ። "አዎ እትዬ፣ ጉንፋን ነው" ትለኛለች። ክረምት ከበጋ የማይለቅ ጉንፋን!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጣች። ትንሿን አዝላ፣ ትልቋን በእጇ ይዛ፣ የነርስ ልብሷን በፌስታል አንጠልጥላ። በመስኮት አየኋት። አየችኝ። መጋረጃውን መለስኩት።

አራት ዓመት አለፈ። እኔም ሌላ ሰፈር ገባሁ። ደረጃ ላይ ወድቄ ዳሌዬ ተሰበረና ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ከሆስፒታል ስወጣ "ቁስልሽን እቤት እየመጣች የምታጥብልሽ ነርስ እንልካለን" ተባልኩ። በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት! ስሜን ወረቀቱ ላይ አይታ፣ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለት ጊዜ ወርዳ ነበር፤ ይህን የነገረችኝ ኋላ ነው።

"እንዴት አደሩ?" አለችኝ።

አደሩ! ስድስት ዓመት "አንቺ" ስትለኝ የኖረች ሴት "እርስዎ" አለችኝ። ወገኖቼ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሌላ ነርስ ይላክልኝ ካሉ ቅር አይለኝም" አለች፣ ጓንቷን እያጠለቀች። "የዛሬው ግን መታጠብ አለበት።"

አጠበችው። እንደዚያ ያለ ለስላሳ እጅ አላውቅም። ፋሻውን ስትጨርስ፣ ቀና ሳትል፣ "ይሰሙ ነበር?" አለችኝ።

"እሰማ ነበር" አልኳት።

"አልሰማሁም ቢሉኝ ኖሮ አልመለስም ነበር" አለች። ቦርሳዋን ዘጋች። "ረቡዕ እመጣለሁ።"

ረቡዕ መጣች። ደግሞ ቅዳሜ። አንድ ቀን ልጆቹን የምትይዝላት ጎረቤት ታመመችባትና ይዛቸው መጣች። "አይረብሹዎትም" አለችኝ። እውነትም አይረብሹም፤ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በእግር ጣታቸው ነው የሚሄዱት። ትልቋ ውሃ ልትጠጣ ብርጭቆ አነሳች፣ አመለጣትና እንክትክት አለ። ልጅቷ የት ገባች? አልጋዬ ሥር! የዘጠኝ ዓመት ልጅ እኮ ናት። እናቷ ጎንበስ ብላ አየቻት። ተነሳች። ከመደርደሪያዬ ሌላ ብርጭቆ አወረደችና፣ እኔን እንኳ ሳታስፈቅድ፣ ወለሉ ላይ ለቀቀችው።

"አየሽ? ብርጭቆ ነው፤ ይጠረጋል" አለቻት። "ከእንግዲህ እኛ ባለንበት የሚሰበረው ብርጭቆ ብቻ ነው።"

ልጅቷ ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች። ትንሿ ደግሞ "እኔስ?" ብላ እጇን ዘረጋች። ለእንግዳ ያስቀመጥኳቸው ብርጭቆዎች ናቸው፤ አልዋሽም፣ ከነከነኝ። ሦስተኛውን ያቀበልኩት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ እኔ ጋ መዋል ጀመሩ።

ወንድሜ ይህንን ሰማ። አንድ ቀን እሷ ሥራ ላይ ሳለች መጥቶ በሩን ደበደበ። ልጆቹ ድምፁን ሲሰሙ ምን እንደሆኑ አልነግራችሁም። የመራመጃ ብረቴን ይዤ በሩ ጋ ደረስኩና መቀርቀሪያውን ቀረቀርኩት።

"የእናትሽ ልጅ ነኝ! ክፈቺ!"

"ነህ። አልከፍትም።"

"ለሷ ብለሽ ነው?"

"ለሷም ለኔም ብዬ ነው። ሂድ፤ አለዚያ እጮሃለሁ።"

አልሄደም። ጮህኩ። እኔ! ያን ሁሉ ዓመት ትንፍሽ ያላልኩት ሴትዮ ሕንፃውን በጩኸት አናጋሁት። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ሄደ፤ ዳግመኛም አልመጣም።

ማታ ከሥራ ስትገባ ልጆቹ እየተሻሙ ነገሯት። ጫማዋን አውልቃ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ "እትዬ፣" አለችኝ፣ "እራት በልተሻል?"

በልተሻል። ስንት ወር የጠበቅኩት ቃል ነው! "አልበላሁም" አልኳት። በልቼ ነበር።

ዓመቱን ሳንጨርስ አንድ ቤት ተከራይተን አራታችን ገባን። አሥራ አንድ ዓመት ኖርንበት። ተጣላን፣ ታረቅን፣ ስንቴ በሳቅ ፈረስን። ከበሽተኞቿ ቤት ደክሟት ትመጣና ከልጆቹ ጋር ገመድ ትዘላለች። መታመም ግን አላወቀችበትም። በመጨረሻዎቹ ወራት እኔ አንሶላ ሳነጥፍላት ከተኛችበት ሆና "ማዕዘኑን እንደዚያ አይደለም" ትለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት እጄን ይዛ፣ "ልጆቹ ቢቆጡሽ፣ በር እየወረወሩ ቢዘጉብሽ ግድ የለም" አለችኝ። "ዝም ሲሉ ግን እንዳታልፊያቸው። ጠይቂያቸው።"

እጠይቃቸዋለሁ።

እህቴ፣ ትልቋ ዘንድሮ ትመረቃለች፤ ከፊት ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ። ለትንሿም ምርቃት እደርሳለሁ፤ ዳሌዬ ቢፈቅድም ባይፈቅድም። አሁን እነሱ ደግፈውኝ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። አንቺ ብዙ ሰው አሳርፈሻል። በይ ደህና ሁኚ፤ አንቺም እረፊ።