ሃያ ቶን ያስቀነሱኝ ሰውዬ

ጋሼ ሸምሱ ጎጃም በረንዳ ጀርባ ጀሪካን ያመርታሉ። የማሽኖቹን ውሃ የሚያቀዘቅዝ ኩሊንግ ታወር ላስተክል ነው ብለው ጠሩኝ። የሚወጣውን ሙቀት አስልቼ «አቅሙ አርባ ቶን መሆን አለበት» አልኳቸው።

«መጨረሻውን ንገረኝ።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዋጋ አይደለም፤ የሙቀቱ ልክ ነው።»

«ገብቶኛል። ሃያ አምስት አድርገውና እንጨርስ።»

ማሽኑ ይቃጠላል ብላቸው፣ እንደ ማንኛውም የመርካቶ ገዢ፣ መልሼ እንድጠራቸው ከገዛ ፋብሪካቸው ወጥተው ሄዱ። ሳልወድ ጠራኋቸው። ካልኩሌተሬን ዝም ብዬ ነካካሁና «ለካ ተሳስቻለሁ፣ ስልሳ ነው» አልኩ። ዓይናቸው በራ። እየማልኩ እየተገዘትኩ ወርጄ ወርጄ አርባ ላይ ተጨባበጥን።

ታወሩ እስካሁን ደህና ይሠራል። እሳቸው ግን ሶማሌ ተራ ባገኙኝ ቁጥር ትከሻዬን ይዘው ለነጋዴው ሁሉ ያሳዩኛል፤ «ይሄን ኢንጂነር ሃያ ቶን አስቀንሼዋለሁ።»