ክንፈ ሙላው ድንጋይ ተሸክሞ ስለመጣበት ምክንያት

የምስክር ቃል
የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ስንሻው አበጀ ውቤ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ በገዳሪፍ ገበያ የጭነት ወኪል
አድራሻ፦ መተማ ዮሐንስ፣ ቀበሌ 02፣ በእህቱ በወ/ሮ እናኑ አበጀ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ የካቲት 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ሶፎኒያስ ዓለሙ
ጉዳዩ፦ በሟች ክንፈ ሙላው ላይ የተፈጸመ የሰው መግደል ወንጀል

እኔ ስሜ ከላይ የተመዘገበው ምስክር ሟች ክንፈ ሙላውን ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ። ተጠርጣሪው ባንታምላክ ተገኘ የእህቴ የእናኑ ባል የነበረው የካሣ ተገኘ ታናሽ ወንድም ነው። ከሁለቱም ጋር ጠብ የለኝም። የመጣሁት ስለ ትናንቱ ተኩስ እንድመሰክር ተጠርቼ ነው፤ ከዚያ በላይ የምናገረው ግን በእኔው ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ተነግሮኝ በፈቃዴ ነው።

ሟች ክንፈ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ የጭነት ወኪል ነበር። ሰሊጥ ወይም ማሽላ የሚያስጭን ነጋዴ ለእርሱ ይደውላል፤ እርሱ ሎሪና ጫኝ ያቀርባል። ሎሪውን እየፈለግሁ፣ ከሾፌሩ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩት እኔ ነኝ። የትኛው ሾፌር እንደሚጠጣ፣ የማን ፍሬን እንደማይዝ፣ የሀዋታ መንገድ በክረምት የት ላይ እንደሚውጥ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ስሙ ግን የእርሱ ነበር። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ከእርሱ ወጥቼ ለብቻዬ ወኪል ለመሆን ወሰንኩ። ስነግረው ሳቀና «ኸላስ፣ በቃ ሂድ። ሎሪ ግን አንተን አያውቅህም» አለኝ። ይህ ንግግሩ አንጀቴ ውስጥ ቀረ።

ሁለት ወር ሙሉ ማንም ጭነት አልሰጠኝም። በጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ባሕሪያ የተባለች የሰሊጥ ነጋዴ ሁለት መቶ ጆንያ ሰሊጥ ሰጠችኝ። «እስከ ቀትር ከገዳሪፍ ካልወጣ ስልክ ቁጥሬን ከስልክህ አጥፋው» አለችኝ። ሎሪው የሱፊያን ሲሆን የሚነዳውም ራሱ ነው። በገበያው ልማድ ወኪል ሎሪ ሲይዝ የራሱን ጨርቅ ከፊት ያስራል፤ ጨርቅ የታሰረበትን ሎሪ ሌላ ወኪል አይነካም። እኔም ከአሮጌ ሸራ የቀደድኩትን አሰርኩ። ጫኞቹን የመራልኝ ካሣ ነበር። ካሣ ልጆቹን ትቶ እኔን ሊረዳ ከመተማ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው።

ከጠዋቱ 4፡30 ገደማ ጭነቱ አልቆ ሸራ ሲለብስ ክንፈ አራት ጫኞች አስከትሎ መጣ። ሱፊያን የእኔ ሾፌር ነው ብሎ ጨርቄን ፈትቶ መሬት ጣለው። ካሣ ከጭነቱ ላይ ዘሎ ወርዶ በጥፊ መታው። ከዚያ በኋላ ሁሉም የጆንያ መንጠቆውን አወጣ። አንዱ ጫኝ ግንባሬን በዱላ ፈለጠኝና ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ክንፈ ካሣን ግራ ትከሻው ላይ በመንጠቆ ወግቶ ሲጎትተው ሸሚዙም ሥጋውም ሲቀደድ ሰምቻለሁ። ካሣ ከሎሪው የኋላ ጎማ ፊት በጉልበቱ ወደቀ። እስከዚህ ድረስ ያለው በካሣ ቀብር ላይም የተናገርኩት ነው።

ያልተናገርኩት የሚከተለው ነው። ክንፈ ደሙን ሲያይ ደንግጦ መንጠቆውን ጣለና አፈገፈገ። ጠቡ በርዶ ነበር። እኔ ግን ጭነቱን ያወርዱብኛል ብዬ ስለፈራሁ የሎሪውን በር ደብድቤ ሱፊያንን «ያላ፣ ንዳ» አልኩት። እርሱ ካሣን ማየት ከማይችልበት ሆኖ ነዳ። ጎማው በካሣ ደረት ላይ ወጣ። ካሣ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ፤ የጠራውም ስሜን ነው። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ እኔ ገደሉንም አይቻለሁ። ጎማው ፊት መሆኑን እያየሁ፣ ይነሣል ብዬ ነው ንዳ ያልኩት። ሰሊጡ በሰዓቱ ወጣ። ባሕሪያም ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ጭነት ሰጥታኛለች።

ሱፊያን ከዚያ ጉዞ ወደ ገዳሪፍ አልተመለሰም። ክንፈም ሰው ወግቷልና ከጫኞቹ ጋር አፉን ዘጋ። አስከሬኑን ድንበር ላይ ባለችው ገላባት አጥቤ የገነዝኩት እኔ ስለሆንኩ ደረቱን ሌላ ሰው አላየም። በማግስቱ፣ በከተራ ዕለት፣ መተማ ተቀበረ። ከቀብር ስንመለስ ባንታምላክ «አያ ስንሻው፣ ወንድሜን የበላው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ክንፈ በመንጠቆ ወጋው» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጢሙን አልተላጨም። ይህ በእኛ አገር ደሙን እስኪመልስ አይላጭም ማለት እንደሆነ ሳጅን ያውቃሉ።

በኋላ ሽማግሌዎች ገብተው ክንፈ እሑድ የካቲት 5 ቀን ለዕርቅ መተማ እንዲመጣ ተስማሙ። በዋዜማው ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ባንታምላክ እህቴ ቤት መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «አያ፣ እንቅልፍ አጣሁ። መልኩን የማላውቀው ሰው ደም ከብዶኛል። ካልገደለ መስቀል ይዞ ይማል፤ አምነዋለሁ። ከገደለ ድንጋዩን ይሸከማል፤ ያን ጊዜ የማደርገውን አላውቅም» አለ። እህቴ እናኑ «እኔ ልጅ ላሳድግበት፤ ሬሳ አታብዙብኝ» እያለች ለመነችው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ክንፈ ከገላባት ስልክ ደወለልኝ። «ስንሻው፣ ወላሂ እኔ አልገደልኩትም፤ አንተ ታውቃለህ። ለመንጠቆው ግን ማዕሌሽ፣ ይቅርታ ማለት አለብኝ። እናንተ አገር እንዴት ነው የሚባለው?» አለኝ። ድንጋይ በጫንቃህ ተሸክመህ ግባ አልኩት። «ሐጀር? ድንጋይ? ለምን?» ሲለኝ አክብሮት ነው ብዬ መለስኩለት።

በእኛ ዘንድ ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣው ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው። ክንፈ ገዳሪፍ ስላደገ ይህን አያውቅም። ቢምል «ታዲያ ማነው?» ተብሎ ጥያቄው ወደ እኔ እንደሚዞር አውቄ ነው ያደረግሁት። ሽማግሌ ፊት ባንታምላክ አይተኩስም፤ ይታረቃሉ፣ ነገሩም በክንፈ ስም ያልቃል ብዬ አስቤ ነበር። ይህን የምናገረው እንዲቀልልኝ አይደለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ቀበሌ 02 ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰብን። ባንታምላክ በሽማግሌዎች ትእዛዝ ክላሹን ከግንዱ አስደግፎ ተቀምጧል። ክንፈ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ የወፍጮ መጅ የሚያክል ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ። ባንታምላክ ድንጋዩን ሲያይ ከተቀመጠበት ተነሣ። ክንፈ እኔን አይቶ ፈገግ አለ፤ እንደ ነገርኩት በትክክል ያደረገ መስሎት ነው። «እኔ የመጣሁት ለመንጠቆው…» ብሎ ጀመረ። ባንታምላክ ክላሹን አንሥቶ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። የመጀመሪያው ጥይት ጉሮሮውን፣ ሁለተኛው ሆዱን መታው። ድንጋዩ ሲወድቅ እጁን ከሥሩ ያዘው፤ እስከሞተበት ድረስ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል፣ እጁን ለማውጣት ሲታገል ነበር። ማንም አልቀረበውም፤ እኔም አልቀረብኩትም። ባንታምላክ መሣሪያውን ለሽማግሌዎቹ አስረክቦ ሳይሮጥ ቆመ።

ባንታምላክ የወንድሙን ገዳይ የገደለ መስሎታል። እህቴ እናኑ አሁን በዚህ ጣቢያ በር ላይ ትገኛለች። ለእርሱ ምግብ ስታመጣ ለእኔም በሌላ ሳህን ይዛልኛለች። ዛሬ ጠዋት «ባሌም ሄደ፣ ዋርሳዬ ባንታምላክም ታሰረ፤ የቀረኸኝ አንተ ነህ» ብላኛለች። እኔ በአፌ ልነግራት አልቻልኩም። ይህ ቃል እንዲነበብላት አመለክታለሁ።

የተጻፈው ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን፣ እውነት መሆኑንም አረጋግጫለሁ። ከዚህ በኋላ በምስክርነት ሳይሆን በተጠርጣሪነት እንደምያዝ ተነግሮኝ ፈርሜአለሁ።

ፊርማ፦ ስንሻው አበጀ
ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ሶፎኒያስ ዓለሙ

ማስታወሻ፦ ቃሉ በምስክሩ ጥያቄ መሠረት ከቀኑ 6፡10 ሰዓት ለወ/ሮ እናኑ አበጀ ተነብቦላታል። እንዲደገምላት ጠይቃ ሁለተኛ ተነብቦላታል። አንዱን ሳህን ለባንታምላክ እንዲሰጥላት አስረክባ፣ ሌላውን ይዛ ተመልሳለች።