እትዬ ዘይነባ እና ዶሮ ቀባሪው ሊቀመንበር

በደርግ ጊዜ ከመካነ ሰላም ወጣ ባለች ቀበሌ የክሊኒክ ድሬሰር ሳለሁ፣ ዶሮ የሚጨርሰው ፈንግል ገባ። የታመመ ዶሮ እንዳይበላ፣ ይልቁንም እንዲቀበር አስተማርኩ። ይህን ሰበብ አድርጎ ሊቀመንበራችን፣ በዚያ የረሃብ ዘመን፣ የእትዬ ዘይነባን ጤነኛ እንቁላል ጣይ ዶሮ «ታማለች፣ እቀብራታለሁ» ብሎ ወሰደ።

በማግስቱ ላብ አጥምቆት ክሊኒክ መጣ። «የዘይነባ ዶሮዎች ሁሉ አለቁ አሉ። የታመመ ዶሮ የበላ ሰው ምን ይሆናል?»

«ማን በላ?»

«አንድ ዘመዴ።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ «እንግዲያው ዘመድዎ ራሱ ይምጣና ይመርመር» አልኩት።

«እኔ ነኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከበሩ ውጭ ወረፋ የያዙት እትዬ ዘይነባ ሰሙት። «አልሐምዱሊላህ! ዶሮዎቼ ደኅና ናቸው፤ አለቁ ብዬ ያስወራሁት እኔው ነኝ። በል የበላሃትን ተካ!»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ የራሱን ዶሮ ታቅፎ ወደ እትዬ ቤት ሲያልፍ አየሁትና፣ «ጓድ፣ ቀብረው ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» አልኩት።