የተመደበችልኝ ተማሪ በንግስት ወንበር ላይ ቆማ ስለመገኘቷ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ማንአለብሽ አየልኝ
ዕድሜ፦ 69 በመታወቂያ (ምስክሯ መታወቂያው ተሳስቷል ትላለች)
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የሆቴል ጽዳት
አድራሻ፦ ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ጊሜል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ ያለው በር (በስተግራ ያለው የእሷ እንዳልሆነ ይጻፍልኝ ብላ ተጽፎላታል)
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ኤሊያቭ ታፈረ
ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ 14.5.2025፣ ከጠዋቱ 9:10

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው ምስክር፣ ማክሰኞ 6.5.2025 ከቀኑ 16:20 ላይ በሕንፃችን ሁለተኛ ፎቅ ስለተፈጸመው ከባድ ድርጊት የማውቀውን አስረዳለሁ። በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት፣ ለእኔ የተመደበች ተማሪ በጎረቤቴ በወ/ሮ ንግስት ሳሎን ውስጥ፣ ወንበር ላይ ቆማ፣ መጋረጃ ስትሰቅል በዓይኔ አይቻለሁ። መጋረጃው አረንጓዴ ነው። የሚያምር አይደለም።

መርማሪው ቃሌ የተፈለገው ስለ መጋረጃ ሳይሆን ስለ ሰዓት መሆኑን አስታውሶኛል። እኔም ነገሩ ሁሉ የመጣው ከመጋረጃው ስለሆነ በቅደም ተከተል ይጻፍልኝ ብዬ ተፈቅዶልኛል።

ተማሪዋ ሐጋር ትባላለች። ዕድሜዋ 24 ነው። ወላጆቿ እንደኛው ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ፣ ውትድርናዋን ጨርሳ፣ የነርስነት ሦስተኛ ዓመት ትማራለች። እናቷ ጽዳት ትሠራለች፤ አባቷ ታሞ ቤት ውሏል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን የሚከፍልላት ሚልጋ ነው። ሚልጋ ማለት፣ ለእኔ እንደተብራራልኝ፣ አንድ ቢሮ የተማሪዋን የዓመት ክፍያ ይችላል፤ ተማሪዋ ደግሞ በሳምንት አራት ሰዓት አንዲት አሮጊት ቤት እየሄደች ታገለግላለች፤ አሮጊቷ ትፈርማለች። አሮጊቷ እኔ ነኝ። የቤት ኪራዩንና የአውቶቡሱን ደግሞ ሐሙስ በሰርግ አዳራሽ ሳህን እያመላለሰች፣ ዓርብ በሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ታገኘዋለች። በአጭሩ ልጅቱ የምትማረው ከሥራ በተረፋት ሰዓት ነው።

ከ12.11.2024 ጀምሮ በየማክሰኞው ከ16:00 እስከ 20:00 ቤቴ ስትመጣ ቆይታለች። በሕንፃው ውስጥ ተማሪ የተመደበላት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምለው ለመዝገቡ እንጂ ለመኩራራት አይደለም። ወ/ሮ ንግስትም አመልክታ ነበር፤ «መኪና ያላት ልጅ አለችሽ» ተብላ ተመለሰች። መኪናውን እስኪሰለቸን ስታሳየን ኖራለች፤ ይኸው አንድ ቀን ጎዳት።

ሐጋር በመጀመሪያው ቀን እጅጌዋን ሰብስባ ገባችና «እማማ፣ ምን ልሥራልሽ?» አለችኝ።

«ተቀመጪ» አልኳት።

«ዕቃ ልጠብ?»

«እናትሽ ሰው ቤት እንግዳ ሆነሽ ሄደሽ ዕቃ እጠቢ ብላ ነው የላከችሽ?»

«ቢሮው ነው የላከኝ።»

«ቢሮ እናት የለውም። ተቀመጪ» ብዬ ምስር ወጥ አቀረብኩላት።

ከዚያ ወዲህ የቤቴ ደንብ ይኸው ሆነ። ትመጣለች፤ ትበላለች፤ እንጫወታለን። አንዳንዴም መጽሐፏን ደረቷ ላይ እንደያዘች ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይጥላታል፤ ጋቢ አለብሳታለሁ። 20:00 ሲሆን ቶፌሱን፣ ማለትም ሰዓቷ የሚሞላበትን ቅጽ፣ ታወጣለች፤ እፈርማለሁ። እንግዳዬ ነበረች፤ አንድ ቀን እንኳ በቤቴ ሥራ አልሠራችም።

ወደ 6.5.2025 ስመለስ፣ በዚያን ቀን በ16:00 አልመጣችም። በ16:20 በሬን ስከፍት የወ/ሮ ንግስት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የተከፈተው እኔ እንዳይ መሆኑን በመሐላ አረጋግጣለሁ። ሐጋር ወንበሩ ላይ እንዳለች «እማማ፣ ሬጋ፣ አንዴ ታገሺኝ፣ ደረጃው ላይ ጠርታኝ ነው፣ መጣሁ» አለች።

ወ/ሮ ንግስት ግን «ምነው ማንአለብሽ፣ ለሃያ ደቂቃ ብታውሺኝ ታልቅብሻለች?» አለችኝ።

«የሚዋሱት ወንፊት ነው» አልኳት።

«አንቺማ ምን ታደርግልሻለች? አንቺ ዘንድ ትተኛለች፣ እኔ ዘንድ ትሠራለች!»

በሬን ዘጋሁ። የዘጋሁት በመጠኑ ነው። ከአንደኛ ፎቅ ሰዎች ምን ፈነዳ ብለው ወጥተዋል። ሐጋር ጥቂት ቆይታ መጥታ አንኳኳች፤ «የለሁም» ብዬ መለስኩላት።

በማግስቱ ረቡዕ ከጠዋቱ 10:00 ግድም ኦርታል የምትባል የሚልጋው ቢሮ ሠራተኛ ደወለችልኝ። ተማሪ የተመደበልንን አሮጊቶች ሁሉ በየተራ ትጠይቃለች፤ የኔ ተራ ያን ቀን ዋለ።

«እማማ ማንአለብሽ፣ ሐጋር ቤትሽ ምን ምን ትሠራለች?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት? ጽዳት፣ ግዢ፣ የሆነ ነገር...»

«እኔ ቤት እንግዳ አይሠራም። ማን ቤት እንደምትሠራ ከፈለግሽ ልንገርሽ።»

«ሰዓቱን ግን ፈርመሻል፣ ናኮን፣ ልክ ነኝ?»

«አዎ። መጥታለቻ!»

ይህን ስናገር ግማሹ ኩራት ግማሹ ቅናት ነበር ወይ ተብዬ በመርማሪው ተጠይቄ፣ ቅናቱ ከግማሽ እንደሚበልጥ አምኛለሁ።

ኦርታል ለካ እያወራችኝ ትጽፍ ኖሯል። ቢሮው ያልሠራችውን ሰዓት አስሞልታለች ብሎ የሐጋርን ሚልጋ አገደ፤ ለፖሊስም አመለከተ። እኔ ይህን አላወቅሁም። ከትናንት በስቲያ ከጣቢያው ተደውሎ ለሐሙስ ስጠራ ስለ መጋረጃው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ትናንት ማክሰኞ 13.5.2025 ልክ በ16:00 ሐጋር መጣች። ሰዓቱ እንደማይቆጠርላት እያወቀች ነው የመጣችው። የሳምንቱን ኪኒን በየቀኑ ሳጥን አካፈለች። ከኩፓት ሖሊም፣ ከሐኪም ቤቱ፣ የመጣውን ደብዳቤ አንብባ የዓይን ቀጠሮዬ ወደ ሰኞ መዞሩን ነገረችኝ። ምግብ አቀረብኩ።

«አልበላም እማማ» አለች።

«ጾም ነው?»

«አይደለም። አልሠራሽም ካሉኝ ሠራተኛ አይደለሁም። እንግዳም እንዳልሆን እንግዳ አይከሰስም። ታዲያ ምን ሆኜ ልብላ?»

«የምን ክስ?» አልኳት። «ደከመኝ» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ማዕዱ ሳይነካ ቀረ። ወደዚህች አገር ከገባሁበት ከ1999 ጀምሮ ከቤቴ ሰው ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም።

ወዲያው ወ/ሮ ንግስት ሳታንኳኳ ገባች። ከሐጋር እናት በስልክ ሁሉንም ሰምታለች። «አንቺ ሴት፣ ልጅቱን ከትምህርት ልታስወጫት ነው እኮ! እስከ እሑድ ነፃ ካልወጣች የዓመቱ ክፍያ ይሰረዛል፤ ካልተከፈለ ፈተና አያስገቧትም!» አለችኝ። ቀጥላም «እኔ ግን ነገ በጠዋት ሄጄ እመሰክርላታለሁ። ልጅቱ ጎበዝ ሠራተኛ ናት፣ መጋረጃ ሰቅላልኛለች እላለሁ» አለች።

ይህ ከሁሉ በላይ አንገበገበኝ። እኔ ሃያ ሦስት ማክሰኞ አብልቼ ከሳሽ፣ እሷ ሃያ ደቂቃ ወንበር ላይ አስቁማ አዳኝ ልትባል! ስለዚህ ጥሪዬ ለሐሙስ ቢሆንም ዛሬ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ጣቢያው መጥቻለሁ። ወ/ሮ ንግስት ቀድማኝ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ልጇ በመኪና አምጥታት ነው። እኔ የተጠራሁ በመሆኔ በቅድሚያ እንድገባ ተደርጓል፤ ይህም እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።

መርማሪው የሐጋርን ቅጾች አቅርቦ፣ እስከ ጥር ያሉት በጣት አሻራ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት በዕብራይስጥ ፊደል የተፈረሙ መሆናቸውን አሳይቶኛል።

«እማማ፣ ይህን የፈረመችው ሐጋር ናት?»

«እኔ ነኝ። ጠማማነቱ አይታይህም?»

«መጻፍ የት ተማሩ?»

«ቤቴ።»

«ማን አስተማረዎት?»

«ሐጋር። ከምግብ በኋላ።»

«ኪኒኑንስ የምታካፍለው እሷ ናት? ደብዳቤውንስ?»

«ሁልጊዜ።»

«ታዲያ እማማ፣ ይህ ሥራ አይደለም?»

የሚከተለውን ተናግሬያለሁ። ሃያ ዓመት የሰው አልጋ አንጥፌያለሁ፣ የሰው መታጠቢያ ቤት ፈግፍጌያለሁ። አገልጋይ ማለት ምን እንደሆነ ማንም አይነግረኝም። ያቺ ልጅ ስትመጣ ግን በሕንፃው ሁሉ ፊት በሬን የምታንኳኳ እንግዳ ነበረችኝ። እንግዳ የሚመጣላት ሴት ማለት ገና ሰው ናት ማለት ነው። የምትረዳ አሮጊትማ በየፎቁ ሞልታለች።

መርማሪው «ገብቶኛል እማማ። ነገር ግን እንግዳ ናት ካሉ አንድም ሰዓት አይቆጠርላትም» ብሎኛል። ወ/ሮ ንግስት ገብታ ምን ልትል እንደሆነ ጠይቄው ሊነግረኝ አልፈቀደም።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ከአፌ የወጣ እውነት ነው። በአማርኛ ተነቦልኝ፣ የመጋረጃው ቀለም ጭምር ልክ መሆኑን አረጋግጬ፣ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (በዕብራይስጥ ፊደል ተፈርሟል)
የመርማሪው ፊርማ፦ ኤሊያቭ ታፈረ

እርማት፣ ከጠዋቱ 10:25። ምስክሯ ፈርማ ከወጣች በኋላ፣ ወ/ሮ ንግስት ለመግባት ከአግዳሚው ስትነሣ አይታ ከኮሪደሩ በመመለሷ የተጨመረ፦ «እንግዳዬ ነበረች፤ አንድ ቀን እንኳ በቤቴ ሥራ አልሠራችም» የሚለው ተሰርዞ፣ «ሐጋር የፋሲካን ሳምንትና አንድ የፈተና ሳምንት ሳይጨምር በሃያ ሦስት ማክሰኞዎች ዘጠና ሁለት ሰዓት አገልግላኛለች፤ አገልግሎቱም ያስፈልገኝ ነበር» ተብሎ ይነበብ።