ከካቡ ወዲህ የተገኙት አሥራ አራት አሳማዎች

የቫልደንሲና መንደር ፖሊስ ጣቢያ፣ ኤክስትሬማዱራ፣ ስፔን
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት
የምስክሩ ስም፦ ኤሌውቴሪዮ ባራንቴስ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ የአሳማ እረኛ
አድራሻ፦ በአቤቱታ አቅራቢው በዶን ጋስፓር ሞንሮይ ግቢ፣ የእረኛው ቤት
ጉዳዩ፦ ዶን ጋስፓር በወ/ሮ ባሲሊሳ ኮርቾ ላይ ያቀረቡት ካብ የማፍረስና ያለፈቃድ የማስጋጥ አቤቱታ

ከላይ ስሜ የተጻፈው እኔ፣ የዶን ጋስፓር ሠራተኛ ስሆን አሳማቸውን ስጠብቅ አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ወ/ሮ ባሲሊሳ ባለፈው ኦክቶበር 30 ቀን የሞተው የጓደኛዬ የአማዶር ባለቤት ናት። ከአቤቱታ አቅራቢውም ከእሷም ጋር ጠብ የለኝም። ከዛሬ በኋላ ግን ከዶን ጋስፓር ጋር ሊኖረኝ ይችላል።

የዶን ጋስፓርን የኦክ ዛፍ ደንና የመንደሩን የጋራ ግጦሽ የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነው። የኦክ ፍሬ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ይረግፋል። አሳማ ፍሬውን በልቶ የሚወፍረው በእነዚህ ሦስት ወራት ስለሆነ፣ በዚህ ወቅት የመንደራችን ሰው ሚስቱ ብትጠፋው እንኳ መጀመሪያ ካቡን አይቶ ነው የሚፈልጋት። ወ/ሮ ባሲሊሳ በጋራው ግጦሽ በባሏ ዕጣ አሥራ አራት አሳማ ታሰማራለች። የግጦሽ ኮሚቴው ደንብ ካብ ያፈረሰ ሰው ዕጣውን ያጣል ይላል፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበውም ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። ዕጣውን ካጣች አሳማዎቹን ሳይወፍሩ ትሸጣለች። ያልወፈረ አሳማ የሚገዛ ደግሞ በመንደሩ ከአቤቱታ አቅራቢው በቀር የለም።

እስከ ኖቬምበር 20 ድረስ መንጋዬን የማሰማራው ከካቡ በራቀው ኮረብታ ላይ ነበር። በ21 ቀን ወደ ካቡ አመጣሁት። ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ጉብታ ላይ ቆሜ ጠራኋቸው። ስቆጥር መቶ ስልሳ መሆን የሚገባቸው መቶ ሰባ አራት ሆኑ። አሳማ ሲጎድል ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ሲተርፍ ምን እንደሚደረግ ግን ያስተማረኝ የለም። ከፊት የቆመችው አንድ ጆሮዋ የጎደለ እናት አሳማ የአማዶር መሆኗን አወቅሁ። ካቡ ሁለት ክንድ ያህል ተንዷል። ዝናብ የናደው መስሎኝ አሳማዎቹን መልሼ ካቡን ጠገንኩ። በ23 ቀንም ይኸው ተደገመ። በ26 ቀን ሲደገም ዶን ጋስፓር በፈረስ መጥተው በዓይናቸው አዩ።

«እነዚህ የማን ናቸው?» አሉኝ።

«የባሲሊሳ ናቸው ጌታዬ።»

«ባሏ ወር ሳይሞላው ካብ ማፍረስ ጀመረች?»

«ማን እንዳፈረሰው አላየሁም።»

«ታዲያ አሳማ ግንበኛ ቀጥሮ ነው የሚያስፈርሰው?» አሉና ሄዱ። ያን ጊዜ ምክንያቱን ያልነገርኳቸው ባለማወቄ ነው።

በማግስቱ ወ/ሮ ባሲሊሳ ካቡ ድረስ መጣች።

«አንተ ኤሌውቴሪዮ! አሳማዎቼን ምን አስነክተህ ነው የወሰድክብኝ?»

«እኔ ምን አስነካቸዋለሁ? ሳልጋብዛቸው ነው የሚመጡት።»

«ቀልድህን ተወኝ! በቆሎ በባልዲ ይዤ ስለምናቸው ዞር ብለው አያዩኝም። ሲመሽ ካቡ ሥር ተሰልፈው ወዳንተ ያንጋጥጣሉ፤ ቄስ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።»

«አትጠሪያቸውም እንዴ?»

«በምን አፌ? የሚጠራቸው እሱ ነበር።»

ነገሩ የገባኝ ይህን ስትል ነው። አማዶርና እኔ ጥሪ የተማርነው ከአንድ ሽማግሌ እረኛ ስለሆነ ጥሪያችን አንድ ነው፤ «ጉሪ፣ ጉሪ» ብሎ መጨረሻውን መጎተት ነው። በእኛ አገር እረኛ ጥሪውን አይለውጥም፤ አሳማው ከፍሬው ጋር የለመደው እሱን ነውና። ስለዚህ አንዳችን ስንጠራ ሌላው ወዲያው ከራሱ በኩል ይመልስ ነበር፤ እያንዳንዱ መንጋ ወደ ቀረበው ድምፅ ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠራን። መንደሩ የምንሰዳደብ ይመስለው ነበር። አማዶር ከሞተ በኋላ የሚመልስ የለም። እኔ ግን ከጠራሁ በኋላ አሁንም ትንሽ ቆም እላለሁ።

ለማረጋገጥ በ28 ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት ወ/ሮ ባሲሊሳን በወዲያ በኩል አቁሜ ጠራሁ። ካቡ ደህና ነበር። ጆሮ ጎደሎዋ አሳማ ዝቅ ካለው ቦታ ላይ ድንጋዮቹን በአፍንጫዋ እየገፋች ናደቻቸው፤ አሥራ ሦስቱ ተከተሏት። ወ/ሮ ባሲሊሳ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ፍርስራሹ ላይ ተቀመጠች። «እሱ የመጣ መስሏቸው ነው» አለችኝ።

ከ29 ቀን ጀምሮ እኔ ስጠራ እሷ ትመልሳለች። ድምፅዋ ገና አልተገራም፤ አሳማዎቹ ግን ከዚያ ወዲህ ካቡን አልነኩም።

ይህን እያወቅህ አምስት ቀን ለምን ቆየህ ተብዬ ስጠየቅ፣ የምኖርበት ቤት የዶን ጋስፓር በመሆኑ ፈርቼ ነው ብያለሁ። ሳጅኑ ጥሪውን እንዳሰማ ጠይቀውኝ እዚሁ ቢሮ ውስጥ አሰምቻለሁ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር በጎዳናው የነበሩ አሳማዎችም ሰሙ፤ ቀጥሎ የሆነውን በዚህ ቃል ውስጥ ማስገባት አላስፈለገም።

ካቡን የናዱት አሳማዎች ናቸው፤ አሳማዎቹን የጠራሁት እኔ ነኝ። ወ/ሮ ባሲሊሳ ያደረገችው ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝምታ ደግሞ በደንቡ አልተከለከለም።

ቃሌ ሲነበብልኝ አንድ ቦታ አሳርሜያለሁ። ሳጅኑ «አሳማዎቹ ተሳስተው መጡ» ብለው ጽፈው ነበር። አሳማዎቹ አልተሳሳቱም፤ ተጠርተው መጡ። መልስ እንደሌለ እያወቅሁ እንደ ድሮው የጠራሁ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የቀረው ሁሉ እንዳየሁትና እንደሰማሁት ስለሆነ፣ ለማንም ሳላዳላ የሰጠሁት እውነተኛ ቃሌ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ኤሌውቴሪዮ ባራንቴስ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ካሊክስቶ ሬጋላዶ

ማስታወሻ፦ ምስክሩ ከፈረሙ በኋላ ከበሩ ተመልሰው፣ ከላይ የተመዘገበው አድራሻቸው የሚያገለግለው እስከ ቅዳሜ ብቻ ሊሆን እንደሚችል አሳውቀዋል።