ከጣሳ ላይ የተነበበ ሙያ

«ዛሬስ ደግ ነፋስ ነው፣ እቴ፤ ልብስሽ ቶሎ ይደርቅልሻል» አሉ አሮጊቷ።

ከጎረቤታቸው ከልብስ ሰፊዋ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠው አተር ይፈለፍላሉ። ጀርባቸውን የሰጡት ለወጥ ቤቱ መስኮት ነው፤ ክፍት መሆኑን ግን ያውቃሉ። ምራታቸው ውስጥ ሆና ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ዛሬ በሰፈሩ አዳራሽ ሃያ ሴቶች ሰብስባ የምግብ አሠራር ዘዴ ልታስተምር ነው።

«የአንዳንድ ሰው ዕድል ደስ ይላል... እኔ አርባ ዓመት ምድጃ ፊት ቆሜ ባለሙያ ያለኝ ባለቤቴ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲርበው። በሁለት ዓመት አስተማሪ የሚሆን አለ። ጭንቅላት ነዋ! ሥጋው መጥበሻ ሳይነካ በጨርቅ ይድረቅ... ሎሚው ከእሳት ሲወርድ ይጨመቅ... ሽንኩርቱ አይቸኮልበት... ይሄን ሁሉ ከራሷ ያፈለቀች ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ስንቱን አየሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላጋጠመኝም።

«ደግነቷስ? ‹እማማ፣ እርስዎ ይረፉ› ብሎ ማንኪያ ከእጅ የሚቀበል ማን አለ? ይኸው ዓመት ሞላኝ። ምድጃው በየት በኩል እንደሚበራ እንኳ ሊጠፋኝ ነው... ተመስገን ነው።»

አሮጊቷ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ። ወደ ልጃቸው ቤት ሲገቡ «ጨው» ተብሎ የተጻፈበት አሮጌ ጣሳ ይዘው መጥተው ነበር። ውስጡ ያለው ስኳር ነው፤ ሟቹ ባለቤታቸው የስኳር በሽተኛ ስለነበሩ እንዳያገኙት አሮጊቷ የደበቁት። ምራቲቱ ያን ሰሞን ከትከሻቸው ኋላ ቆማ፣ የቲማቲሙ ስጎ ሲኮመጥጥባቸው ከዚያ ጣሳ ቆንጥረው ሲጨምሩ አየች። ያየችውን ደብተሯ ላይ ጻፈች። አልጠየቀችም።

«የባለፈውን እሁድ ስጎ በልተሻል አይደል? ስንት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሽ? እኔስ አራት... ለኩላሊት ጥሩ ነው ይላሉ፤ አስባልን መሰለኝ። ሌላው ሙያ የሚማረው ቀምሶ ነው፤ ከጣሳ ላይ አንብቦ የሚማርም አለ። ማንበብ ምን ነውር አለው? የሚከብደው መጠየቅ ነው... አፍ ያስከፍታል። አሁን አንድ ሰው ብቅ ብሎ ‹እማማ፣ እዚያ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?› ቢለኝ ምን እከለክላለሁ? በሃያ ሴት ፊት ከመዋረ... ተይው እቴ፣ እኔ ምን አገባኝ።»

እጃቸው አተሩ ላይ ቆመ። ወጥ ቤት ውስጥ ይሰማ የነበረው ኮቴም ቆመ። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ በሩ መለስ አድርገው ጠበቁ። ብቅ ብትል ይነግሯታል፤ ከልባቸው ነው። ምናልባት ተነስተው አብረዋት ገብተው፣ በገዛ እጃቸው ያሳዩዋት ይሆናል።

የቦርሳው ዚፕ ተዘጋ። ምራቲቱ አንገቷን ቀና አድርጋ በፊታቸው አለፈችና ደረጃውን ወረደች።

አሮጊቷ የአተሩን ሳህን መሬት አስቀምጠው ተነሱ፤ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ድምፃቸው ማር ነበር።

«ይቅናት፣ እቴ። እጇን ይባርክላት። ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ለእርጅና ያብቃት... እርጅናዋንም ልክ እንደ እኔ፣ ልክ እንደ እሷ ያለች ባለሙያ ምራት ቤት ያድርግላት።»