ከሶልያና ስም አጠገብ ያለችው ኮከብ

በእኛ የልጅነት ዘመን ኳስ ስንጫወት ዝናብ መጥቶ ቢበትነን እንኳ ያገባ አገባ ነበር፤ «ዘጠና ደቂቃው አልሞላም» ብሎ የሰው ጎል የሚነጥቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ መጥቼ ነው ያየሁት፣ ስሙኝማ።

የልጄ ልጅ ሶልያና ሆኪ ትጫወታለች፤ አዎ ሆኪ፣ በረዶ ላይ፣ አትሳቁ። እና ባለፈው ሲዝን በረዶውን የሚያቀዘቅዘው ማሽን ተበላሸና ሜዳው ውሃ ሆነ፣ ሲዝኑም ግማሽ ላይ ቀረ። ታዲያ እሷ በዚያች በግማሿ ሲዝን ከሁሉም በላይ አገባች፤ ስሟን የአሸናፊዎች ሰሌዳ ላይ ጻፉላት። ሄጄ ባይ ከስሟ አጠገብ አንዲት ትንሽ ኮከብ አለች። ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ፤ ካለፉት ዓመታት ልጆች አንዳቸውም ኮከብ የላቸውም! እኛ ብዙ ያገባውን «ኮከብ ግብ አግቢ» እንል የለ? ደስ አለኛ! ፎቶ አነሳሁና «ለልጃችን ብቻ ኮከብ ሰጧት!» ብዬ ለዘመድ ሁሉ ላክሁ። እልልታው በስልክ ጎረፈ።

ታዲያ እሷ ስትሰማ አለቀሰች። «አባባ፣ ለምን ላኩት? ኮከብ አይደለም እኮ፣ አስተሪስክ ነው፣ የማሳሰቢያ ምልክት። ሲዝኑ ሾርት ስለነበር ሪል አይደለም ማለት ነው። ከእንግዲህ አልጫወትም» አለችኝ።

አስተሪስክ! ደሜ ፈላ። መኪና ውስጥ አስገባኋትና በቀጥታ ወደ ሜዳው ነዳሁ። ኃላፊው ቢሮው ቁጭ ብሏል። እና ጀመርኩ፦ «ሲዝኑ እሷ ላይ ብቻ ነው ወይ ያጠረው? ሌሎቹስ ሙሉውን ተጫውተዋል? እኩል ጀመሩ፣ እኩል አቆሙ፣ እሷ በለጠች! ማሽኑ የማን ነው? የእናንተ! የተበላሸው የእናንተ ማሽን፣ ምልክቱ የኔ ልጅ ላይ! ኮከቧን ማሽኑ ላይ ለጥፏት!» እሱ ራሱን እየነቀነቀ «የስ፣ የስ» ይላል። ገባው ብዬ ወጣሁ።

መኪናው ጋ ስንደርስ ሶልያና ሳቋን ለቀቀችው። «ምን ያስቅሻል?» ብላት «አባባ፣ ሁሉንም እኮ በአማርኛ ነው የተናገሩት» አትለኝም!

እዩልኝ እንግዲህ! ስንት ዘመን ዴንቨር ታክሲ የነዳሁ ሰው፣ ስናደድ እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ይጠፋል። ልመለስ ስል «ኖ አባባ፣ እኔ እነግረዋለሁ» አለችና ብቻዋን ገባች። ያቺ አልጫወትም ያለችው ልጅ! ተከትያት ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ቢሮው በመስታወት የተከለለ ነው፤ ድምፅ አይሰማም፣ ግን አያለሁ። እጇ ወደ ሰሌዳው ይሄዳል፣ ወደ ራሷ ይመለሳል፣ ከዚያ ጣቷን ወደ ማሽኑ ክፍል ቀሰረች። ሰውዬው አሁን ራሱን አልነቀነቀም፤ ብዕር አንስቶ ይጽፋል።

«ታዲያ ጋሼ፣ ኮከቧን አነሷት?» አልናቸው ከበን ወጋቸውን ስንሰማ የቆየነው።

«አላነሷትም! ‹ለኮሚቴ እናቀርባለን› አሉ፣ የማይረቡ! ግን እሷ ልምምዷን ጀምራለች፣ ኮሚቴው ፊትም እኔን ይዛ ልትቀርብ ነው። ‹አባባ፣ እርስዎ በአማርኛ ይጩሁባቸው፣ እኔ ትራንስሌት አደርጋለሁ› አለችኝ» ብለው ከት ብለው ሳቁ።